የወገን ዋጋ

በውጭ አገር የምንኖር ሰዎች ቡና ላይ ስንሰበሰብ የማንሰለቸው አንድ ጨዋታ አለ። አንዱ የጫማው ሶል ተገንጥሎበት የሚሰፋለት ሰው ማጣቱን ያነሣል። ሌላዋ የሻንጣዋን ዚፕ ለማስቀየር የተጠየቀችው ገንዘብ አዲስ ሻንጣ ይገዛ እንደነበር ትናገራለች። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ በቅርቡ አገር ቤት ደርሶ የመጣው፣ ‹እኛ አገር እኮ…› ብሎ ይቀበላል። እኛ አገር ጃንጥላ ይጠገናል። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ባልዲ በጋለ ብረት ይጣበቃል። ጫማህን አውልቀህ ትሰጥና ሻይህን ሳትጨርስ ተሰፍቶ ይመጣልሃል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከወረድክ ደግሞ ሞቶ የማይነሣ ዕቃ የለም። እዚህ ግን ሁሉም ይጣላል። ከዚያ ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ፈረንጁ አባካኝ፣ እኛ ዕቃ አክባሪ ሆነን ሦስተኛው ቡና ይጠጣል።

ይህንኑ ጨዋታ በመጣጥፍ መልክም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ‹የጥገና ባህላችን› ይባላል። አንዳንዱ ጽሑፍ ሊስትሮውን ፈላስፋ፣ ቆራሌውን የአካባቢ ጥበቃ ሐዋርያ እስከ ማድረግ ይደርሳል። እኔም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና እንዲህ ያለውን ነገር ለመጻፍ የሚያስፈልጉት ቃላት አያንሱኝም። ጀምሬውም ነበር። ሳልጨርሰው የቀረሁት አንዲት ሴት ስላሳፈሩኝ ነው፤ ስለ እሳቸው እመለስበታለሁ። አሁን ግን ነገሩን ሳላድበሰብስ ልናገር፦ እኛን የናፈቀን ጥገናው አይደለም። የናፈቀን የጠጋኙ ርካሽነት ነው።

ጥገናን የሚያከብር ሰው ጠጋኙን ያከብር ነበር። ከመካከላችን ማን ነው ሰርግ ላይ አንዲት እናት ‹ይህ ልጄ ጫማ ሰፊ ነው› ብላ በኩራት ስታስተዋውቅ የሰማ? ያን ‹በአምስት ደቂቃ› ጫማችንን የሚሰፋልንን ልጅ ማታ የት እንደሚያድር ማን ጠይቆታል? የመንገድ ዳር ጫማ ሰፊ ዋጋው ርካሽ የሆነው አገሩ ጥገና ስለሚወድ ሳይሆን ልጁ ሌላ መሄጃ ስላልነበረው ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ ድህነት አንድ ቆንጆ ትዝታ ቆርጠን ይዘን መጣን።

ከራሴ ልጀምር። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። አዲስ አበባ፣ ከቤታችን በር አጠገብ በቆርቆሮ በተከለለች ክፍል፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋ ነበር። መስከረም ሲቃረብ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራ ስለነበር የመኪናው ድምፅ ሲቆም ነው እኔ ከእንቅልፌ የምነቃው። ሰባተኛ ክፍል ስመዘገብ ቅጹ ላይ ‹የእናት ሥራ› ከሚለው ፊት ‹የቤት እመቤት› ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ በል ያለኝ ሰው አልነበረም። የለበስኩትን ዩኒፎርም የሰፋችው እሷ ናት፤ ከኋላዬ ከተሰለፉት ልጆች የብዙዎቹንም እንደዚሁ። ቢሆንም እጄ ‹ልብስ ሰፊ› የሚለውን ቃል መጻፍ አቃተው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያን እፍረት ከየት አመጣው? ከቤት አይደለም። ከሰፈሩ አየር ነው የተነፈሰው።

ያ ልጅ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው። ‹ጽሑፍ እንደ ሽመና› በሚል ሐሳብ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። ‹ቴክስት› የሚለው ቃል ‹ቴክሰሬ› ከሚለው የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ ሸመነ ማለት ነው። ሮላን ባርት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አንሥቶ ጽሑፍን ሳያቋርጥ ከሚሸመን ጨርቅና ከሸረሪት ድር ጋር ያያይዘዋል። እኔም ባርትን ይዤ ስለ ድርና ማግ ሠላሳ ገጽ ፈተልኩ። አማካሪዬ ወደደችልኝ። ያን ምዕራፍ ስጽፍ የምለብሰው ሱሪ መቀመጫው ላይ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል። ለአንዱም ጊዜ አልከፈልኩም።

የጠገኑልኝ ሴት ያሳፈሩኝ ሴት ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እትዬ እንበላቸው። ስፌት አዲስ አበባ ተምረው፣ ቤይሩት በሰው ቤት ዓመታት ሠርተው፣ በመጨረሻ ሜሪላንድ የገቡ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ አፓርታማ ምድር ቤት፣ ሁለት መኪናና አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ ነበራቸው። በሩ ላይ ምልክት የለም፤ ስልካቸው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቀን አረጋውያን ሲንከባከቡ ይውላሉ፤ ማታ ይሰፋሉ።

ወደ እሳቸው የሚመጣው አብዛኛው ሥራ የሐበሻ ቀሚስ ነበር። ልኩ በቴሌግራም አዲስ አበባ ይላካል፤ ሽሮ ሜዳ ይሠራል፤ በሰው ሻንጣ ይመጣል፤ ሲለበስ ወይ ይረዝማል ወይ ደረት ላይ አልዘጋ ይላል። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ማታ ስልክ ይደወላል፦ ‹እትዬ፣ ትንሽ ማሳጠር ብቻ ናት!›

ይህችን ‹ብቻ› እስቲ እንፍታት። ጂንስ ሱሪ ማሳጠር ከታች ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በመኪና መስፋት ነው፤ ለለመደ እጅ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። የሐበሻ ቀሚስ ግን ውበቱ ያለው ታች ጫፉ ላይ ነው። ጥበቡ ከጨርቁ ጋር አብሮ ተሸምኖ ነው የሚመጣው፤ ከታች የቆረጠ ጥበቡን ቆረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ወገቡ ተፈትቶ ትርፉ ከላይ ይነሣል፣ ወይ ጥበቡ ከነጠርዙ ወጥቶ ከፍ ተደርጎ እንደገና ይገጠማል። ከወገብ ከተነሣ፣ ከደረት ወደ ታች የሚወርደው ጥለት ከታችኛው ጋር ልክ ለልክ መግጠም አለበት፤ አንድ ጣት ቢዛነፍ ፎቶው ላይ ይታያል። ሸማ ደግሞ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ የጠበቀ አይደለም። መቀስ ሲነካው መተርተር ይጀምራል፤ ስለዚህ ጠርዙ ቶሎ በእጅ መዘምዘም አለበት። ገበሩ ለብቻው ይፈታል፣ ለብቻው ያጥራል፣ ከዚያ ላዩን እንዳይስበው ተደርጎ ይመለሳል። ይህ ሁሉ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይበላል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያነሡና ሲያስተኙ በዋሉ እጆች፣ በሌሊት።

ዋጋው ሲነገር የሚሆነውን አንድ ቀን ጥግ ላይ ተቀምጬ ሱሪዬን ስጠብቅ በዓይኔ አየሁ። እትዬ ስልሳ ዶላር አሉ። ሴትየዋ ደነገጠች። ‹እንዴ እትዬ! ለወገን ነው እኮ!› ሃምሳ። ‹ለወገን ስንት ነው?› አርባ። ‹እኔ እኮ ሌላም ሰው አመጣልዎታለሁ።› በመጨረሻ በሃያ አምስት ተስማሙ። ቀሚሷ አራት መቶ ዶላር የወጣባት እንደሆነች ሴትየዋ ራሷ ቅድም ስትገባ ነግራናለች። የሰርጉ ፎቶ አንሺ አበሻ ነው፤ እሱን ‹ለወገን› ያለው የለም፤ ዋጋው በወረቀት ታትሞ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ መጣ፣ ተከፈለ። ግብራችንን የሚሠራልን ሰው አበሻ ነው፤ ጠበቃችን አበሻ ነው፤ እነሱ ዘንድ ቀጠሮ ይዘን እንሄዳለን፣ የተባልነውን ከፍለን ‹እግዜር ይስጥልን› እንላለን። ‹ወገን› የምትለዋ ቃል ቅናሽ ሆና የምትወጣው መርፌ የያዘ ሰው ፊት ስንደርስ ነው። መኪና ጠጋኙን፣ ፀጉር ሠሪዋን፣ የቤት ቧንቧ የሚያስተካክለውን ሰውም ጨምሩበት።

እኔስ? እኔማ ከዚህ የባስኩ ነኝ። ‹እትዬ ስንት ልክፈል?› ስላቸው ‹ተወው ልጄ፣ ተማሪ ነህ› አሉኝ። በእኛ ደንብ ‹ተወው› የሚባለው እንዲለመኑ ነው። አንዴ ይላሉ፤ ትለምናለህ። ይደግማሉ፤ ትለምናለህ። በሦስተኛው ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ትሮጣለህ። አሳዳጊ ያሳደገው ሰው ይህን ያውቃል። እኔ በመጀመሪያው ‹ተወው› አመስግኜ ወጣሁ። በሁለተኛውም ጊዜ፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። አንቱ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ የጃኬቴን ዚፕ ታቅፌ ወጣሁ። አንቱታ ገንዘብ አይጠይቅም።

ዐምና እትዬ መኪናቸውን ሸፍነው አበሻ ማስተናገድ አቆሙ። ሰፈሩ ውስጥ ያለ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት፣ ባለቤቶቹ ኮሪያውያን ናቸው፣ ልብስ ለሚያስተካክለው ክፍል ቀጠራቸው። ከወራት በኋላ አግኝቻቸው የነገሩኝን ሲስቁ ነው የነገሩኝ። ያቺ የሃያ አምስት ዶላሯ ሴት አንድ ቀን ሌላ የሐበሻ ቀሚስ ይዛ ያንኑ ቤት መጣች። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ቀሚሱን አየችና ሰማንያ አምስት ዶላር አለች። ሴትየዋ ካርዷን አወጣች። ክርክር የለ፣ ወገን የለ፤ ደረሰኟን ተቀብላ ሄደች። ቀሚሱ ከመጋረጃው ኋላ እትዬ ዘንድ ገባ። በሳምንቱ ልትወስድ ስትመጣ ስፌቱን አገላብጣ አይታ ለጓደኛዋ በአማርኛ ምን አለቻት? ‹እነዚህ ኮሪያዎች እኮ እጃቸው ወርቅ ነው።›

‹ከሰማንያ አምስቱ ለእርስዎ ስንት ይደርሳል?› አልኳቸው።

‹ግማሹ። ግን ያለ ክርክር ነው።› ትንሽ ቆዩና ደግሞ፦ ‹ቤይሩት እያለሁ ማዳሟ የእሷንም የእህቶቿንም ልብስ ታሰፋኝ ነበር። ስፌቱን ሥራ ብላ አትቆጥረውም፤ ለእሷ ዕረፍቴ ነበር። እዚህ መጥቼም ያው ነው የገጠመኝ፤ ልዩነቱ በአማርኛ መሆኑ ነው።›

ይህን ሰምቼ ነው ያን ‹የጥገና ባህላችን› የሚለውን ጽሑፌን የተውኩት።

አሁን ‹ይህ የጥቂት ገብጋባ ሰዎች ጠባይ ነው› የሚል አንባቢ ይኖራል። ቢሆን ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን ከአሜሪካም ከእኛም የቆየ ነው፤ ለዚህ ምስክሩ የምንኮራበት ቋንቋ ራሱ ነው። ‹ጥበብ› ማለት ዕውቀት ነው፤ ማስተዋል ነው፤ ‹ኪነ ጥበብ› ስንልም እኛ ደራሲዎችና ገጣሚዎች ደረታችንን እንነፋለን። ጥበብ የቀሚሱ ጠርዝ ላይ ያለው ሽመናም ስም ነው። ከዚሁ ሥር ‹ጠቢብ› ይወጣል፤ ሰሎሞን ጠቢብ ነው። ‹ጠቢብ› ትንሽ ተለውጦ ‹ጠይብ› ሲሆን ግን ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ቡዳ ማለት ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባል፣ ዓይኑ የሚፈራ፣ ልጃገረድ የማይዳርለት ሰው ማለት ነው። በጎንደር በኩል ይህ ቃል በተለይ የወደቀው ማረሻውንም ጋኑንም በሚሠሩት በቤተ እስራኤል ላይ ነበር። አስቡት፤ ቃሉ አንድ ነው። ክብሩን አንሥተን ለራሳችን ወሰድን፤ ስድቡን እሳት አጠገብ ላለው ሰው ተውንለት።

‹ሰምና ወርቅ›ም እንደዚሁ ነው። ከዚህ የበለጠ የምንመካበት የቅኔ ቃል የለንም፤ ዶናልድ ሌቪን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ እኛ ላሳተመው መጽሐፍ ርዕስ አድርጎታል። ቃሉ ግን ከቅኔ ቤት አልተወለደም፤ ከአንጥረኛ ቤት ነው የመጣ። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስስበታል። የእኛ ሊቃውንት ከዚያ ሰው ጎጆ ገብተው አሠራሩን አይተው፣ ስሙን ተውሰው ወጡ። ዋጋ ሳይከፍሉ ማለቴ ነው። ሴሚናር ላይ ስለ ሰምና ወርቅ ስናገር ሰዎች ማስታወሻ ይይዛሉ፤ አንጥረኛውን አንሥቼ አላውቅም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያሉ መስደብ እንዲቀር አዝዘው ነበር፤ በስድቡ ምክንያት ሰው ሙያውን እየተወ አገር ይጎዳል ነው ነገሩ። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ስድቡ አዎ፣ ከአፋችን ወጥቷል። ቁጢት በጣሽ ብሎ እትዬን የሰደባቸው የለም። የቀረው በዋጋው ውስጥ ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ሙያዬ ልሂድ፤ የሚረዳ ነገር ስላለው ነው። ኒኮላይ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ያሳተመውን ‹ካፖርት› ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አካኪ አካኪየቪች የተባለ ምስኪን ጸሐፊ አለ፤ ካፖርቱ ነትቦ ብርድ ያስገባበታል። ይዞት ወደ ልብስ ሰፊው ወደ ፔትሮቪች ይሄዳል። ፔትሮቪች የቀድሞ ገባር ነው፤ አንድ ዓይና፤ በጓሮ ደረጃ የሚወጣበት ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እግሩን አጣጥፎ የሚሰፋ። ካፖርቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየውና አይጠገንም ይላል፤ ጨርቁ አልቋል፣ መጣፊያ የሚይዝ ቦታ የለውም። አዲስ ይሠራል። ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ለእጁ ዋጋ አሥራ ሁለት ሩብል ብቻ ይወስዳል። አዲሱን ካፖርት አስረክቦ ሲያበቃ ምን ያደርጋል? አካኪን ተከትሎ ወደ መንገድ ይወርዳል፤ ቆሞ ካፖርቱን ከኋላ ያየዋል፤ ከዚያ በአቋራጭ ሮጦ ይቀድምና ከፊት በኩል ደግሞ ያየዋል። እኔ ዓለም ላይ ካነበብኩት ሁሉ ስለ እጅ ሥራ ደስታ ከዚህ የተሻለ የተጻፈ አላገኘሁም። በተማርኩበት ሴሚናር ግን በዚህ ታሪክ ላይ ሦስት ሳምንት ስንከራከር ፔትሮቪች የተነሣው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም ስለ ሰካራምነቱ። ስለ ቢሮክራሲ ተናገርን፤ ስለ መንፈሱ ተናገርን፤ ካፖርቱን የሰፋውን ሰው እንደ መርፌ ቆጥረን አለፍን።

እትዬም የሠሩትን ቀሚስ ሰርግ ላይ ለማየት ይሄዱ እንደነበር ነግረውኛል። ባይጠሩም አዳራሹ በር ላይ፣ ከመኪናቸው ሳይወርዱ።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። ‹መረዳዳት ነው፤ ሁሉን በገንዘብ መተመን የፈረንጅ ነገር ነው፤ እድርና እቁብ ያለን ሕዝብ ነን።› በጣም ጥሩ። እድር ግን ሁሉም በየተራው የሚያዋጣበት ነው። በእቁብ ዛሬ የከፈልከው ነገ ዕጣው ይወጣልሃል። እትዬ መኪናቸው ሲበላሽ በነጻ የጠገነላቸው፣ ግብራቸውን በነጻ የሠራላቸው ማን ነው? ሁልጊዜ አንዱ የሚሰጥበት፣ ሁልጊዜ ሌላው የሚቀበልበት ነገር መረዳዳት አይባልም። ስሙን አዲስ አበባ ያደጉ የቤት ሠራተኞች ያውቁታል።

ሌላው መልስ ‹አበሻ ልብስ ሰፊ ቀጠሮ አያከብርም› ነው። ይህኛው እውነትነት አለው፤ አልክድም። የልብስ ሰፊ ‹ነገ› እናቴ ዘንድም ነበረ፤ ስንት ሰው በራችን ላይ ሲቆጣ አይቻለሁ። ግን ለምን እንደሚሆን ከመኪናው ወዲህ ሆኜ አይቼዋለሁ። አንዱ ዩኒፎርም የሚከፍለው እራት አይሞላም፤ ስለዚህ አሥር ትቀበላለህ፤ አሥሩን ለመጨረስ ያለው ሌሊት ሰባት ነው፤ ሦስቱ ነገ ይሆናሉ። ርካሽ ዋጋና የፈረሰ ቀጠሮ አንድ ነገር ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ማማረር አይቻልም።

‹እዚህ አገር ጥገና ውድ ነው› ለሚለው ደግሞ፦ አዎ፣ ውድ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ የጠጋኙ ሰዓት ዋጋ አለው፣ አዲሱን ሸሚዝ የሰፋችው የሩቅ አገር ሴት ሰዓት ግን ርካሽ ነው። ይህን የተረዱ አገሮች የተበላሸ ይጣላል ብለው ቡና ላይ አላዘኑም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2017 ልብስ፣ ጫማና ብስክሌት ለሚጠግኑ ሰዎች አገልግሎት የተጨማሪ እሴት ታክሱን ከ25 ወደ 12 በመቶ አወረደች። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ ልብሱን ወይም ጫማውን ለሚያስጠግን ሰው እንደ ሥራው ዓይነት ከ6 እስከ 25 ዩሮ ቅናሽ ታስብለታለች፤ ያን ቅናሽ የሚሸፍነው ከልብስ አምራቾች የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው እንጂ ልብስ ሰፊው ከጉሮሮው ነጥቆ አይደለም። ልዩነቱን ልብ በሉ። እነሱ የጠጋኙን ዋጋ ሳይነኩ ለአስጠጋኙ አቀለሉለት። እኛ የምናውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ጠጋኙን መጫን።

በዚህ ላይ በየከተማችን ‹የባህል ቀን› እናከብራለን። መድረኩ ላይ በጥበብ ቀሚስ ያሸበረቁ ሴቶች ይሰለፋሉ፤ ተናጋሪው ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ስለ ዶርዜ ድንቅ እጅ ያወራል፤ በመካከሉ በማሽን የታተመ የጥበብ አምሳያ የለበሰው ግማሽ አዳራሽ ያጨበጭባል። እኔም እንዲህ ያለ መድረክ ላይ ቆሜ ተናግሬያለሁ፤ አጨብጭበውልኛል፤ ለንግግሬም የትራንስፖርት ብለው ፖስታ ሰጥተውኛል። እምቢ ስል በግድ ኪሴ ከተቱልኝ፤ ሦስት ጊዜ ለምነው ማለት ነው። ደንቡን ያውቁታል። ስለ ጥበብ ለሚያወራ ሰው ሲሆን አይዘነጉትም።

ባለፈው ወር ቁጭ ብዬ የእትዬን ሒሳብ ሠራሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ምን ምን እንዳሠራሁ ቁም ሣጥኔን ከፍቼ ቆጠርኩ። ሱሪ ሁለት ጊዜ፤ ሌላ ሱሪ ማሳጠር፤ ሁለት ጃኬት፣ አንዱ ዚፕ አንዱ ገበር፤ የእህቴን ምረቃ ጊዜ የለበስኩት ኮት ትከሻው፤ ሸሚዞች። ዋጋውን እትዬ ከሚሠሩበት ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር ወሰድኩ። 214 ዶላር መጣ። ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ ትንሽ ገንዘብ አይደለም፤ በሁለት ደመወዝ አጠራቀምኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ሄድኩና ፖስታውን ከነዝርዝሩ ሰጠኋቸው። ‹ተወው ልጄ› ይላሉ ብዬ የምለምንበትን ቃል በመንገድ ላይ ሳጠና ነበር። አላሉም። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ገንዘቡን ቆጠሩ። ከዚያ ሃያ ዶላር መዝዘው መለሱልኝ።

‹የዚፑን አልቀበልም› አሉ። ‹ያኔ ጥቁር ክር አጥቼ በሰማያዊ ነው የሰፋሁት። አላየህም ነበር?›

አላየሁም ነበር። የቀረውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ጃኬቱን ይዤ እንድመጣ ነገሩኝ።